ወፍራሙ ክር

ናዝሬት፣ ኅዳር 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ይህች ወረቀት ከእጅህ ስትገባ በሙሉ ጤንነት ታግኝህ። እንደምን ሰንብተሃል? እትዬ አበዛሽስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ዘንድሮ የአቦምሳ ወባ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ስለ ትንሿ ልጅህ ሐሳብ ገብቶኛል፤ አጎበሩን ታስሩላታላችሁ ወይ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። እህል ግን አልበላ ካለኝ ሦስተኛ ሳምንቴን ያዝኩ።

እንደምታየው በአብዮታዊ ሰላምታ አልጀመርኩልህም፤ በፖስታ ቤትም አልላክሁትም። የምትሠራበትን የመንግሥት እርሻ ቲማቲም ወደዚህ የሚያመላልሰው ሾፌር፣ ሆራ፣ በእጅህ እንዲያስረክብህ አደራ ሰጥቼው ነው። ከናዝሬት አቦምሳ ስንት መንገድ ሆነና ነው፣ መጥተህ በአፍህ አትነግረኝም ነበር ወይ ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው። ሁለት ጊዜ ቲኬት ቆርጬ ሁለት ጊዜ ከአውቶቡስ ተራ ተመልሻለሁ። ፊትህን ካየሁ አልናገርም። ከልጅነቴ ጀምሮ ፊትህን ሳይ ልናገር ያሰብኩት ይጠፋብኛል።

አስቀድሜ ያልረሳሁትን ልንገርህ። አባባ ሲሞት እኔ ሰባት ዓመቴ፣ አንተ አሥራ ሰባት ነበርክ። እማዬም ዓመት ሳትቆይ ተከተለችው። አንተ ትምህርትህን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጠህ በወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸከምክ። በተሸከምክበት ላብ ነው ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ሰዓት ያድስ የነበረው አርመን፣ ሙሴ ካራቤት፣ ቫዮሊን እንዲያስተምረኝ ያደረግኸው። እናት አባት ለሌለው ልጅ ቫዮሊን ምን ይሠራለታል እያሉ ሰዎች ሲስቁብህ፣ ሲጫወት ማልቀሱን ይተዋል ብለህ መለስክላቸው። አዲስ አበባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቼ የተመረቅሁትም በአንተ ጫንቃ ነው። ይህን የማነሳው ልሸነግልህ አይደለም። ከዚህ በታች ያለውን ስታነብ ውለታህን የበላሁ እንዳይመስልህ ብዬ ነው።

ቫዮሊኑን ያመጣህልኝን ቀን ታስታውሳለህ? ጥር 1970፣ የጥምቀት ማግስት ነበር። ትምህርት ቤቱ ያዋሰኝን መሣሪያ አስረክቤ፣ ከዘመቻ ተመልሼ፣ ከአንተ ቤት ሁለት ዓመት ያህል ባዶ እጄን ተቀምጬ ነበር። ጣቶቼ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ብቻቸውን ሲጫወቱ እትዬ አበዛሽ ታይና ይህ ልጅ ጤና የለውም ትል ነበር። አንተ በዚያን ጊዜ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነበርክ፤ ቤት የምትመጣው ለምሳ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከምሳ ላይ ቀና ብለህ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው ብትለኝ፣ ያለ ቫዮሊን ከምኖር ብሞት ይሻለኛል አልኩህ። ምሳህን ጨርሰህ ወጣህ። ሳምንት ሳይሞላ በጆንያ ጠቅልለህ ይዘህልኝ ገባህ።

ጆንያውን ስፈታው ወዲያው አወቅሁት። ጀርባው እንደ ነብር ቆዳ የተዥጎረጎረው የሙሴ ካራቤት ቫዮሊን፣ በልጅነቴ የተማርኩበት። ከዘመቻ ስመለስ የአርመኑን ሱቅ ታሽጎ አግኝቼው ነበርና የት አገኘኸው ብዬ ጮህኩ። ሰውዬው አገር ሊለቅ አዲስ አበባ ላይ ዕቃውን ሲሸጥ ደርሼ ገዛሁልህ አልከኝ። ጉልበትህን ይዤ ሳምኩህ። አንተ ግን ተወኝ ብለህ እጅህን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ወጣህ፤ ብዙም ቆየህ።

በዚያ ቫዮሊን ሰው ሆንኩ። የአውራጃው ኪነት ቡድን ተቀበለኝ። በየበዓሉ መዝሙር አጀብኩ፣ ወጣቶች አስተማርኩ። ቆይቶም ከሦስት የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር አራት ሆነን የፈረንጆቹን የጥንት ሙዚቃ በሶደሬ፣ በዝዋይ፣ በላንጋኖ ለእንግዶች መጫወት ጀመርን። ስሜ በጋዜጣ የወጣ ዕለት ጋዜጣውን ቆርጠህ ከአባባ ፎቶግራፍ አጠገብ መለጠፍህን እትዬ አበዛሽ ነግራኛለች።

ለማንም ያልተናገርኩት ሁለት ነገር ግን ከመጀመሪያው አንስቶ ነበረ።

አንደኛው፣ እንጨቱ አይሞቅም። የናዝሬት ፀሐይ የጣራውን ቆርቆሮ በሚያንጣጣበት ቀትር እንኳ አገጬን ሳሳርፍበት ውሃ እንዳደረበት እንስራ ይቀዘቅዛል። ሁለተኛው ወፍራሙ ክር ነው። ቫዮሊን አራት ክር አለው። ከአራቱ ወፍራሙ፣ ድምፁ ከሁሉ ጎርናና የሆነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሲሆን ይላላል። መቃኛውን በጠመኔ አሸሁት፤ ክሩን በአዲስ ለወጥሁት፤ መቃኛውን ራሱን አስቀይሬ አየሁት። ያው ነው። እየላላ ሄዶ እንደሚፈታ ክር ቢሆን ባልገረመኝ። ይሄኛው ቀስ ብሎ ይወርድና ከአንድ ድምፅ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ሰው ጆሮውን ጥሎ እንደሚቃኘው። ከሙቀቱ ነው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። በክረምትም በዘጠኝ ሰዓት ይወርዳል።

ደግሞ አንተ ነበርክ። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ተቀምጠህ አልሰማኸኝም። የመጀመሪያ ልጅህ ልደት ዕለት እንግዳው ሁሉ ተጫወትልን ሲለኝ ጀመርኩ፤ ቀና ብል ወንበርህ ባዶ ነው። ብፈልግህ ከጓሮ አጥሩ ጋ ፊትህን ወደ ግንቡ አዙረህ ቆመሃል። ራሴን አሞኝ ነው አልከኝ፤ አመንኩህ። የነገርከኝን ሁሉ ነው ያመንኩት።

አሁን ወደ ዘንድሮው ጥቅምት ልምጣ። ላንጋኖ ሆቴል አምስት ቀን ተጫወትን። ከአድማጮቹ መካከል አንድ የቡልጋሪያ የሙዚቃ ባለሙያ ነበር። በአምስተኛው ቀን ጠራኝና ሶፊያ ሄደህ ሁለት ዓመት ትማራለህ፣ ወረቀቱን እኔ እጨርሳለሁ፣ ጥር ላይ ተነሥ አለኝ። በደስታ ብዛት ከነልብሴ ከሐይቁ ቡናማ ውሃ ውስጥ ገባሁ። ናዝሬት ደርሼ መጀመሪያ ላንተ ልጽፍልህ ነበር ያሰብኩት።

የቫዮሊኑን ሳጥን በትከሻዬ አንግቼ ከግቢ ስገባ አከራዬ እትዬ በላይነሽ ልብስ ያሰጡ ነበር። እንኳን ደህና ገባህ አላሉኝም። ሰሞኑን የምትጫወተው ደግሞ ሆድ ያባባል፣ ትናንት እንባዬን አመጣኸው አሉኝ። ትናንት ላንጋኖ ነበርኩ ብዬ ሳቅሁ። ሴትየዋ እጃቸው ላይ ያለውን አንሶላ እንደያዙ ቀሩ። ሳጥኑን አዩ፤ በክፍሌ በር ላይ የተቆለፈውን ጓጉንቸር አዩ። ቁልፉ ከኪሴ ነበር። አምስቱንም ቀን በዘጠኝ ሰዓት ከክፍልህ ሰማሁ፣ የተመለስክ መስሎኝ እንዳላቋርጥህ ብዬ ነው ያላንኳኳሁት አሉኝ፤ ማርያምን ብለው ማሉልኝ። እሳቸው ብቻ ቢሆኑ እርጅና ነው እል ነበር። ከግንቡ ሥር ፈረሱን ጥላ የሚያስይዘው ጋሪ ነጂ፣ ራህመቶ፣ በማግስቱ ሳገኘው ምነው፣ ሰው ሞቶብህ ነው ወይ አለኝ። እሱም ሰምቷል። ፈረሱ ግን ዜማው ሲጀመር ከጥላው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይቆም ነበር አለኝ።

እትዬ በላይነሽን እስቲ ዜማው እንዴት ነው አልኳቸው። አፋቸውን ገጥመው አንጎራጎሩልኝ። ተጫውቼው አላውቅም፤ ሰምቼውም አላውቅም። ከታች፣ ከጥልቅ ይጀምራል። ሳጥኑን ከፍቼ ያን የመጀመሪያ ድምፅ ብፈልገው ቫዮሊኑ ላይ አጣሁት። ተስተካክሎ የተቃኘ ቫዮሊን እዚያ ድረስ አይወርድም። ወፍራሙ ክር በዘጠኝ ሰዓት ወርዶ የሚቆምበት ድምፅ ነበር።

ያን ቀን ደብዳቤውን አልጻፍኩልህም።

ዜማው ከእትዬ በላይነሽ አፍ አልወጣ አለ፤ ሲያጥቡም ሲያበስሉም ያንጎራጉሩታል። ከደራ ቅቤ ይዘው የሚመጡ አንዲት እናት ደንበኛ አሏቸው፤ በሐሙሱ በር ላይ ቅቤውን ሲቀባበሉ እትዬ በላይነሽ ይህንኑ ያንጎራጉራሉ። የደራዋ እናት በኮባ የተጠቀለለውን ቅቤ ከእጃቸው ጣሉት። ይህን ከማን ሰማሽው፣ ይህን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር አሉ። እትዬ በላይነሽ ደንግጠው ወደ ክፍሌ ይዘዋቸው መጡ።

ስማቸው እማማ ዘርፉ ነው። ቀጭን ናቸው፤ ረጅም፤ ነጠላቸውን በወገባቸው አሥረውታል። ከደጃፉ ቆመው ቫዮሊኑን ከጠረጴዛው ላይ ሲያዩት ወደ እሱ አልሄዱም። ከግድግዳው ተደግፈው ወደ መሬት ወረዱና ቁጭ አሉ። ውሃ ሰጠኋቸው። የልጄ የመርዳሳ ነው አሉኝ። የሙሴ ካራቤት ነበር አልኳቸው። አዎ፣ ሙሴ በ1967 ቤቱ ሲወረስ አገር ለቆ ሄደ፣ ሲሄድ ለመጨረሻ ተማሪው ለመርዳሳ ሰጠው አሉ። ከመሄዱ በፊት የቫዮሊኑን ሆድ ከፍቶ ሲያጣብቀው፣ ስምህን ከውስጥ ጻፍ፣ ከእንግዲህ ያንተ ነው ብሎት በእርሳስ ጽፏል፣ እይው አሉኝ።

ከጤና ጣቢያ የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙባትን ትንሽ መስተዋት ተውሼ መጣሁ። በቀዳዳው አስገብቼ ከእጅ ባትሪ ጋር አየሁ። ፊደሉ በመስተዋቱ ተገልብጦ ነበርና ቆይቶ ነው የገባኝ። መርዳሳ ገርባ፣ ደራ፣ 1967። ልክ አገጬን ከማሳርፍበት ሥር ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ወንድም ጋሼ፣ የሰው ልጅ ስም በጉንጬ ተጭኜ ስጫወት ኖሬያለሁ።

ከዚያ እማማ ዘርፉ ነገሩኝ። ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልህ።

መርዳሳ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ናዝሬት አክስቱ ዘንድ ሆኖ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይማራል። በታኅሣሥ መጨረሻ 1970 ሦስት ሰዎች መጡ። እማማ ዘርፉም ያን ቀን ለጥየቃ መጥተው እዚያው ነበሩ። የሦስቱ አለቃ ጨዋ ሰው ነበር አሉ። አልጮኸም፤ እናቴ እያለ ነው ያነጋገራቸው፤ ልጁ ጫማውን እስኪያስር ታገሠው። ሊወጡ ሲሉ ቫዮሊኑን ከግድግዳው ላይ አየና የማን ነው ብሎ ጠየቀ። የኔ ነው አለ መርዳሳ። ሰውዬው አወረደው። ጀርባውን ገልብጦ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ቦታው መልሶ ሰቀለውና፣ እኔም ቫዮሊን የሚጫወት ታናሽ ወንድም አለኝ አለ።

በዚህች ቃል ነው ተስፋ ያደረግሁት አሉኝ እማማ ዘርፉ። እንዲህ ያለ ወንድም ያለው ሰው በልጄ ላይ አይጨክንም ብዬ አሉ። በየቀኑ ምሳ ያመላልሱ ጀመር። ምሳ ዕቃውን የሚቀበላቸው ያው ሰው ነው። ደህና ነው እናቴ፣ ይፈታል፣ ለምርመራ ብቻ ነው ይላቸው ነበር። ባዶውን ዕቃ ሲመልስላቸውም ታጥቦ ነው። በጥምቀት ዕለት ግን ምሳውን እንዳለ፣ ሳይከፈት፣ መለሰላቸው። ከእንግዲህ አይድከሙ እናቴ አላቸው። የት ወሰዳችሁት ሲሉት ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሌሎች መጥተው ቫዮሊኑን ከአክስትየው ቤት ወሰዱት።

አንተ ያመጣህልኝ በማግስቱ ነው። ምሳ ላይ ያን ቃል ከተናገርኩህ ስድስተኛው ቀን መሆኑ ነው።

እማማ ዘርፉ ከማን አገኘኸው ብለው ጠየቁኝ። ከነጋዴ ገዛሁት አልኳቸው። አዩኝ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ይህን ስንነጋገር ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የኅዳር ነፋስ አቧራውን እያነሳ በመስኮቱ ላይ ይረጨው ነበር። ቫዮሊኑ ከጠረጴዛው ላይ ነው፤ ማንም አልነካውም። መቃኛው ሲዞር አየነው፤ እኔም፣ እትዬ በላይነሽም፣ እሳቸውም። ወፍራሙ ክር ድምፅ ሳያሰማ ወርዶ ቆመ። እትዬ በላይነሽ አማተቡ። እማማ ዘርፉ ግን አልደነገጡም። አዎ፣ እሱ እንዲህ ነበር የሚያደርገው አሉ። ከትምህርት ቤት በዘጠኝ ሰዓት ይገባና ያላላዋል፤ ዜማውን ከአባቴ እንጉርጉሮ ተነሥቶ ነው የሠራው፣ የአባቴ ድምፅ ደግሞ ጎርናና ነበረ፣ እሱም ካልወረደ አያቴን አይመስልልኝም ይለኝ ነበር አሉ። ከዚያ ተጫወትልኝ፣ ኢልመ ኮ አሉኝ። ልጄ ብለው ጠሩኝ፣ ወንድም ጋሼ፤ እኔን።

ተጫወትኩላቸው። የማላውቀውን እሳቸው በእጃቸው እያመለከቱ፣ ከፍ አድርገው፣ ዝቅ አድርገው፣ መሩኝ። ዜማው ከመሐል ይቆማል። መርዳሳ ከማትሪክ በኋላ እጨርሰዋለሁ ብሎ ነበር አሉ። ከሚቆምበት ስደርስ ደጋኑን አነሳሁ። ድምፁ ግን አልቆመም። እጄ በአየር ላይ ነው፤ ወፍራሙ ክር ብቻውን ይንቀጠቀጣል፤ ሦስታችንም ሰማነው። እማማ ዘርፉ ተነሥተው መጡና ጆሯቸውን ከቀዳዳው አስጠጉ፤ ሕፃን የተኛ እንደሆነ እንደሚያዳምጡት። ኤሳ ጅርታ አሉት ቀስ ብለው። ቋንቋውን ታውቃለህ፤ የት ነህ ማለታቸው ነው። ክሩ ጸጥ አለ።

ይውሰዱት፣ የእርስዎ ነው ብዬ ሳጥኑን ዘግቼ አቀረብኩላቸው። እምቢ አሉ። እኔ ዕቃ አልጠፋብኝም አሉኝ። ባላቸው ገርባ በየእስር ቤቱ ሲጠይቁ ኖረው አምና ሞተዋል። ለልጁ ለቅሶ እንዳይቀመጡ ያን ጊዜ ተከልክለው ነበር፤ ኋላ ሲፈቀድ ደግሞ ምን ይዘን እንቀመጥ ብለው ቀሩ። ተዝካር አልወጣለትም። ደራ ላይ ከባላቸው መቃብር አጠገብ ያለውን ቦታ ሰው እንዳይቀበርበት በድንጋይ ከልለውታል። እኔ የምፈልገው የት እንዳለ ማወቅ ብቻ ነው፤ ማን እንዳደረገው ጠይቄ አላውቅም፤ አልጠይቅምም አሉኝ።

እስከ በር ሸኘኋቸው። ከአጥሩ ውጭ ከደረሱ በኋላ ዞር ብለው፣ ወንድምህን ሰላም በልልኝ አሉኝ።

ወንድም እንዳለኝ አልነገርኳቸውም። እትዬ በላይነሽም ወንድም እንዳለኝ የሰሙት ያን ጊዜ ከእሳቸው አፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሐሙስ መጥተው ተቀምጠው ሄዱ። ዜማውን እጫወትላቸዋለሁ፤ ይሰማሉ፤ ቅቤያቸውን ይዘው ወደ ገበያ ይሄዳሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩኝም። ሌላ ዜማ ግን መጫወት አልቻልኩም። ጣቶቼ ወደዚያው ይሄዳሉ። ለቡልጋሪያው ሰው እንደማልመጣ ጽፌለታለሁ፤ እጄን አሞኛል ብዬ ዋሸሁት። ያለዚህ ቫዮሊን ሶፊያ ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ይህንንስ ይዤ እንዴት እሄዳለሁ?

አንድ ጥያቄ አለ፤ እሱን አልጠይቅህም፤ አንተም አትመልስልኝ። ያን ቀን ምሳ ላይ ዝም ብዬ እንጀራዬን ብበላ ኖሮ የሚለው ነው። ይፈታል ብለሃቸው ነበርና። እሱን ለብቻዬ እሸከመዋለሁ፤ አንተ ስለ እኔ ብዙ ተሸክመሃል።

የምለምንህ ሌላ ነው። ሆራ ቅዳሜ ወደ ናዝሬት ይመለሳል። በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ የቦታውን ስም ጻፍልኝ። ፊርማ አትፈርምበት፤ ምክንያትም አልፈልግም። ወንዝ ዳር ከሆነ የትኛው ወንዝ፣ ገደል ከሆነ በየት በኩል እንደሚያወርድ፣ ከሌሎች ጋር ከሆነም ከሌሎች ጋር ነው በለኝ። ቆፍሬ የማወጣው እኔ ነኝ። ስምህን ከአፌ የሚሰማ የለም፤ ይህን በአባባ አጥንት እምልልሃለሁ፤ የአባባ አጥንት የት እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለንና።

እትዬ አበዛሽን ሳምልኝ፤ ይህን ግን አታስነብባት። ልጆችህን ያሳድግልህ። ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ዕድሜህን ያርዝመው፤ ስታረጅም ጧሪ፣ ቀኑ ሲደርስም ቀባሪ አያሳጣህ።

ያሳደግኸኝ፣ ዛሬም የምወድህ
ታናሽ ወንድምህ